ፊደል ለዓይን፣ ቃል ለጆሮ



ትንሣኤን ካከበርን በሃምሳኛው ቀን የምናስበው ታላቁ በዓለ ጰራቅሊጦስ የቋንቋ በዓልም ነው ብንል የተሳሳትን አይመስለንም። በሐዋርያት ሥራ ሁለተኛው ምዕራፍ እንደምናነበው፣ መንፈስ ቅዱስ በእሳት ልሳን አምሳል በወረደ ጊዜ በኢየሩሳሌም የነበረው ሕዝብ ከአንድ አገር የመጣ አልነበረም። የጳርቴና የሜድ፣ የግብፅና የሮም፣ የቀርጤስና የዐረብ ሰዎች በአንድ ከተማ ተገናኝተው ነበር። ታሪኩን ስንሰማ አብዛኛውን ጊዜ የምናደንቀው የሐዋርያትን አንደበት ነው፤ የገሊላ ሰዎች ባልተማሩት ቋንቋ መናገራቸው በእርግጥም ይደንቃል። ይሁን እንጂ ወንጌላዊው ሉቃስ ደጋግሞ የሚያነሣው ሌላም ነገር አለ፤ ይኸውም ጆሮ ነው። ሕዝቡ ተገርሞ የተጠያየቀው እያንዳንዱ በተወለደበት ቋንቋ ስለ መስማቱ ነበር።

ይህን ታሪክ ከሰናዖር ሜዳ ታሪክ ጋር አስተያይቶ መመልከት የቆየ ልማድ ነው። በኦሪት ዘፍጥረት ዐሥራ አንደኛው ምዕራፍ፣ የባቢሎንን ግንብ ይሠሩ የነበሩት ሰዎች ቋንቋቸው በተደባለቀ ጊዜ መግባባት ተሳናቸው፤ ሥራውም ተቋረጠ። በበዓለ ሃምሳ ያ መለያየት ተፈወሰ። ሆኖም የተፈወሰው ቋንቋዎች ሁሉ ጠፍተው አንድ ብቻ ስለ ቀረ አይደለም። ቋንቋዎቹ እንደ ብዛታቸው ኖሩ፤ የተለወጠው መደማመጡ ነው።

በዚህ የበዓል ዓምዳችን ስለ ሥነ ጥበብ ተማሪዎች ልናነሣ የወደድነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከዕለቱ በዓል ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል ቢኖር፣ ጥቂት ታግሦ እንዲከተለን እንለምናለን።

ብዙ ልሳን ያለበት ዳገት

ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ ወደ እንጦጦ የሚወጣውን መንገድ የያዘ ሰው ብዙም ሳይሄድ ሽሮ ሜዳ ይደርሳል። በመንገዱ ግራና ቀኝ ነጠላው፣ ጋቢው፣ ጥለቱ ያማረ የሐበሻ ቀሚስ ተሰቅሎ ይታያል። የበዓል ሰሞን ከሆነማ እናቶች ጥለቱን በጣታቸው እየዳሰሱ ሲመርጡና ሲከራከሩ መስማት የተለመደ ነው። ይህን ልብስ ከሚሠሩት ሸማኔዎች ብዙዎቹ የዘር ሐረጋቸው ከጋሞ ደጋ፣ በተለይም ከዶርዜ የሚመዘዝ ነው። በሽመናው ጉድጓድ ተቀምጠው መወርወሪያውን ሲያቀባብሉ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይጨዋወታሉ፤ ከገዢ ጋር ሲዋዋሉ አማርኛ ይናገራሉ።

አካባቢው የሚጠራበት «ጉለሌ» የሚለው ስም ደግሞ በዚህ ምድር ይኖሩ ከነበሩት የኦሮሞ ጎሣዎች የአንዱ መጠሪያ ነው። ከዳገቱ ጫፍ ዐፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባት የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አለች። በዚያ ቅዳሴው በግእዝ ይዜማል። እንግዲህ አንድ የጉለሌ ልጅ ከቤቱ ወጥቶ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ እስኪመለስ ድረስ በየመንገዱ የሚሰማውን ቋንቋ መቁጠር ይችላል። ከሚሰማው ውስጥ ምን ያህሉ ይገባዋል የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው።

ይህ ጥያቄ በየትምህርት ቤቱ ያሉ ወጣት የጥበብ ሰዎችን ሲያነጋግር የኖረ ነው። በዘመናችን ሥዕል ማለት በሸራ ላይ በቀለም የተሠራ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ባለሙያዎች ኢንስታሌሽን የሚሉት የአሠራር ዘዴ አለ። በዚህ ዘዴ ሠዓሊው ሥራውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ዘወር አይልም፤ ክፍሉን በሙሉ፣ ከጣሪያው እስከ ወለሉ፣ ከብርሃኑ እስከ ድምፁ የሥራው አካል ያደርገዋል። ተመልካቹ ፊት ለፊት ቆሞ ከማየት ይልቅ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ይዞራል፤ ያዳምጣል።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ምሳሌ እናብጅ። የምናነሣው የአንድን ተማሪ እውነተኛ ታሪክ ሳይሆን ምሳሌ ብቻ መሆኑን አንባቢ ይያዝልን። አንዲት የጉለሌ ልጅ የሥነ ጥበብ ትምህርቷን ልትጨርስ ነው እንበል። ለመመረቂያዋ አንድ ባዶ ክፍል ተሰጣት። እርሷም ከሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች የለመነችውን ትርፍራፊ ድር ከጣሪያው አንጠለጠለች፤ በየድሩ ጫፍ ከወረቀት የተቆረጠ ፊደል አሠረች። በክፍሉ አራት ማዕዘን አራት ድምፅ ማጉያ አስቀመጠች። አንዱ በግእዝ፣ አንዱ በአማርኛ፣ አንዱ በኦሮምኛ፣ አንዱ በጋሞኛ አንድ ዓይነት ሰላምታ በአንድ ጊዜ ያሰማሉ። ወደ ክፍሉ መካከል የገባ ሰው የሚሰማው ጫጫታ ብቻ ነው፤ አንዱን ቃል ከሌላው መለየት አይችልም። ወደ አንዱ ማዕዘን ጠጋ ብሎ፣ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን የሰጠ ሰው ግን ሰላምታውን ጥርት አድርጎ ይሰማል።

እናቷ ነጠላቸውን አጣፍተው ሊያዩላት መጡ። ከደጃፉ ቆመው፣ የተንጠለጠለውን ፊደል አይተው፣ «ልጄ፣ ይህ ሁሉ ፊደል ምን ይላል?» ብለው ጠየቁ።

የእናትየው ጥያቄ ተራ ጥያቄ አይደለም። እንዲያውም የዛሬው ጽሑፋችን በሙሉ ያረፈው በዚህች አንዲት ጥያቄ ላይ ነው።

የሚታይ፣ የሚዜም፣ የሚተረጎም

ፊደልን ለዓይን ማስጌጥ ከባሕር ማዶ የመጣ ፈሊጥ አይደለም። በዓድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌሎች በዘመናዊ ምርመራ ዕድሜያቸው ከአራተኛው እስከ ሰባተኛው መቶ ዓመት መካከል መሆኑ ታውቋል፤ በዓለም ካሉ ባለ ሥዕል የወንጌል መጻሕፍት ከጥንታውያኑ የሚቆጠሩ ናቸው። ቆዳው ተፍቆና ተወጥሮ ብራና እስኪሆን፣ ቀለሙ እስኪበጠበጥ፣ መቃው ተቀርጾ ብዕር እስኪሆን የጸሐፊው ድካም ብዙ ነበር። የእግዚአብሔርና የእመቤታችን ስም በቀይ ቀለም ሲጻፍ፣ ገና ከማንበባችን በፊት ዓይናችን «ይህ ቅዱስ ነው» ብሎ ይገነዘባል። በመጽሐፉ ራስጌ የሚሣለው ሐረግም ቃል ሳይናገር አንባቢን ያዘጋጃል።

ከዚያ በላይ ደግሞ የቅዱስ ያሬድ ዜማ ምልክት አለ። በመስመሮች መካከል ከዋናው ጽሑፍ በላይ የሚቀመጡት ጥቃቅን ፊደላት ከንባቡ ቃል ጋር የሚነበቡ አይደሉም፤ ድምፅ እንዴት እንደሚነሣና እንደሚወድቅ፣ የት እንደሚረግጥ ለመሪጌታው የሚያመለክቱ ናቸው። ይህን የማያውቅ ሰው ገጹን ቢያይ ነጠብጣብ ይመስለዋል፤ ለሚያውቀው ግን ዝም ካለው ብራና ዜማ ይወጣል።

የቆሎ ተማሪውም መንገድ ይህንኑ ያስተምረናል። ሕፃኑ በስንደዶ እየጠቆመ ሀ ግእዝ፣ ሁ ካዕብ እያለ ይጀምራል። የግእዙ ሃያ ስድስት ፊደል በሰባት ተባዝቶ 182፣ የአማርኛው ሠላሳ ሦስት ፊደል ደግሞ 231 ይሆናል፤ ዲቃላዎቹ ሳይቆጠሩ ማለት ነው። ከዚያ ዳዊት ይደግማል፤ ነገር ግን የሚያነበው ግእዝ ገና አልገባውም። ምሥጢሩ የሚከፈትለት ቅኔ ቤት ገብቶ ሰዋስውን ሲያጠና፣ ሰሙን ከወርቁ መለየት ሲጀምር ነው። ከዚያም ወደ መጻሕፍት ቤት ይሻገርና «አንድም» እያለ ትርጓሜውን ያወጣል። ማየት፣ ማንበብና መረዳት ሦስት ደረጃዎች መሆናቸውን፣ አንዱ ላይ የቆመ ሰው ሁሉንም እንዳልጨረሰ አባቶቻችን ያውቁ ነበር።

ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ውጭ የሚሠራ ሌላም ጽሕፈት እንደ ነበረ መዘንጋት አይገባም። ደብተራ በብራና ላይ ጽፎ፣ ዓይንና መስቀለኛ ምስል ሥሎ፣ ብዙ ጊዜም በባለቤቱ ቁመት ልክ ለክቶ የሚያዘጋጀው ጠልሰም ያለበት ክታብ በስፋት የታወቀ ነው። የጥንቆላና የአስማት ድርጊት በቤተ ክርስቲያን የተወገዘ መሆኑን አንባቢያችን ያውቃልና በዚህ ላይ አንዘገይም። ለጽሑፋችን የሚያስፈልገን አንድ ነገር ነው፤ ክታቡን የሚይዘው ሰው ብዙ ጊዜ ማንበብ የማይችል ነበር። ፊደሉ ለእርሱ ምስል ነበር። የኋላ ዘመን ሠዓሊዎቻችን ከዚህ ቅርጽ ብዙ ቀስመዋል።

ከአንድ ትምህርት ቤት የወጡ

የአዲስ አበባው ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በ1950 ዓ.ም. ሲመሠረት ሥራውን የጀመሩት ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም ናቸው። እርሳቸው በአሜሪካ በቺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም የተማሩ፣ የቤተ ክርስቲያን ሥዕልም የሠሩ ባለሙያ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. አርፈዋል። ዛሬ ትምህርት ቤቱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በስማቸው ይጠራል። በዚያ ካስተማሩት መካከል ሠዓሊና ባለቅኔ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ይገኙበታል። አባታቸው አለቃ ደስታ የሃይማኖት መጻሕፍትን የሚጽፉና የሚያስጌጡ ካህን ነበሩ፤ ልጃቸው በጀርመን አገር ተምረው ረቂቅ ሥዕልን ለአገራቸው ሕዝብ አሳዩ። በ1973 ዓ.ም. በስደት እንዳሉ ቢያርፉም፣ ሥራዎቻቸው ወደ አገር ተመልሰው በስድስት ኪሎ አጠገብ በስማቸው በተሰየመው ማዕከል ይታያሉ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ከፓሪስ የተመለሱት እስክንድር ቦጎሲያንም በዚያ ትምህርት ቤት ለጥቂት ዓመታት አስተምረው ወደ አሜሪካ ተሻግረዋል፤ በዋሽንግተን በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲም ለረጅም ዘመን መምህር ነበሩ።

ከዚህ ትምህርት ቤት ከወጡት ተማሪዎች ሦስቱን ብቻ እናንሣ። ሦስቱም ስለ ቋንቋና ስለ መግባባት ሠርተዋል፤ መንገዳቸው ግን የተለያየ ነው።

የመጀመሪያው ሠዓሊ ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1950 በአራት ኪሎ ተወልደው፣ ትምህርታቸውን በ1972 በአዲስ አበባ፣ ቀጥሎም በ1980 በሐዋርድ ፈጸሙ። ወሰኔ የአማርኛን ፊደል የሥዕላቸው ዋና አካል በማድረግ ይታወቃሉ። በሥዕሎቻቸው ውስጥ ፊደሉ ይገለበጣል፤ ይረዝማል፤ ይሰበራል፤ አንዱ በሌላው ላይ ይደረባል። አንባቢው «ይህ ለ ነው፤ ያ ደግሞ ጸ መሆን አለበት» ብሎ ይጀምርና ቃል ሊያወጣ ሲሞክር ቃሉ ይጠፋበታል። ሠዓሊው ቃል ለመጻፍ አላሰቡምና። ፊደሉ ቃል ከመሸከሙ በፊት ራሱ መልክ እንዳለው፣ ቋሚና ክንድ፣ ወገብና እግር እንዳለው ያሳዩናል። አማርኛ የማያውቅ የውጭ አገር ሰውም ፊደላችንን በዚህ መንገድ አይቶ አድንቋል።

ሁለተኛዋ ሠዓሊና ገጣሚ ከበደች ተክለአብ ናቸው። በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብን ይማሩ የነበሩት እኒህ ሴት በአብዮቱ ዘመን ከአገር ለመውጣት ሲሞክሩ በሶማሊያ ወታደሮች እጅ ወድቀው ዐሥር ዓመት ያህል በእስር ኖሩ። በዚያ የሥዕል ትምህርት የለም፤ ሸራና ቀለምም የለም። የቀረላቸው ቃል ነበር፤ ግጥም ገጠሙ። ከእስር ከወጡ በኋላ ወደ አሜሪካ ሄደው በሐዋርድ ተማሩ፤ ቀጥሎም ከእስክንድር ቦጎሲያን ጋር በዋሽንግተን በሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ አንድ ታላቅ ሥራ ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ2001 የተፈጸመው ይህ ሥራ «ኔክሰስ» ይባላል፤ ትርጓሜው መጋጠሚያ፣ መገናኛ ማለት ነው። ከአሉሚኒየም ተቀርጾ በኤምባሲው የጥቁር ድንጋይ ግድግዳ ላይ የቆመ ሲሆን ርዝመቱ ዐሥራ አምስት ሜትር ተኩል ያልፋል። ከክርስትናው፣ ከእስልምናው፣ ከቤተ እስራኤልና ከሌሎችም የአገራችን እምነቶች የተወሰዱ ምልክቶች፣ የዜማ መሣሪያዎችና የቤት ዕቃዎች ቅርጾች ጎን ለጎን ሆነውበታል። ለቪዛ የሚመጣ እንግዳም፣ ናፍቆት የሚያመጣው ስደተኛም በፊቱ ያልፋል። ለዐሥር ዓመት ከሚወዱት ሁሉ ተለያይተው የኖሩ ሴት መገናኛ የሚል ስም ያለው ሥራ ማቆማቸው ልብን የሚነካ ነው።

ሦስተኛው ኤልያስ ስሜ ናቸው። በ1960 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወልደው በ1982 ዓ.ም. ከዚሁ ትምህርት ቤት ተመረቁ። ከመርካቶ የተጣሉ የኮምፒውተር ቁልፎችን፣ የኤሌክትሪክ ሽቦዎችንና የተሰባበሩ የመሣሪያ ሰሌዳዎችን እየገዙ፣ ሽቦውን እንደ ሹሩባ እየጎነጎኑ፣ በጣውላ ላይ እየቸነከሩ ግዙፍ ሥራዎችን ይሠራሉ። ከሩቅ ሲያዩት ከአውሮፕላን ላይ የታየ እርሻ ወይም እጅግ የተዋበ ጥለት ይመስላል፤ ሲቀርቡት ግን በአንድ ወቅት የሰው ድምፅና መልእክት ይመላለስበት የነበረ ሽቦ መሆኑ ይታወቃል። «ታይትሮፕ» ብለው የሰየሙት ይህ ተከታታይ ሥራ የተወጠረ ገመድ ማለት ነው፤ ሰው ሰውን ለማግኘት በሠራው መሣሪያና በእውነተኛው የሰው ለሰው መገናኘት መካከል ያለውን ሚዛን ያስባል። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ የስሚዝሶኒያን የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። በዚያው ዓመት ከመስከረም አሰግድ ጋር የመሠረቱት የዞማ ሙዚየም በመካኒሳ ለሕዝብ ተከፍቷል።

አንዱ ፊደሉን፣ አንዷ ቃሉን፣ አንዱ ቃል የሚሄድበትን ሽቦ ያዙ። ሦስቱም ሥራቸው በዓለም ፊት ቆሟል። እኛን የሚያሳስበን ግን የተረፈው አራተኛው ነገር፣ ማለትም የአገሬው ጆሮ ነው።

በሠረገላው ላይ የነበረው ወገናችን

በሐዋርያት ሥራ ስምንተኛው ምዕራፍ የምናገኘውን ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ የማያውቅ ክርስቲያን ቤተሰብ የለም። የህንደኬ ሹም፣ የገንዘብ ቤት አዛዥ የሆነ ትልቅ ሰው ነበር። ከኢየሩሳሌም ሲመለስ በሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩ ኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር። ፊልጶስ ቀርቦ የሚያነበው ይገባው እንደ ሆነ ጠየቀው። ሹም ነውና «አዎን፣ ገብቶኛል» ብሎ ሊያልፍ ይችል ነበር። እርሱ ግን የሚመራው ሳይኖር እንዴት ሊገባው እንደሚችል በትሕትና መለሰ፤ ፊልጶስንም ወደ ሠረገላው ወጥቶ ከጎኑ እንዲቀመጥ ለመነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ለሁለት ወገን የተሰጠ ትምህርት አለ ብለን እናምናለን። ጃንደረባው አለማወቁን አልደበቀም፤ ጠየቀ። ፊልጶስም ከመንገድ ዳር ቆሞ አልጮኸም፤ ወጣ፤ አብሮ ተቀመጠ፤ ሰውየው ካነበበው ቃል ጀምሮ አስረዳው።

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። እናትየው «ይህ ሁሉ ፊደል ምን ይላል?» ብለው ሲጠይቁ ልጅቱ ሁለት መልስ ሊኖራት ይችላል። «እማዬ፣ ይህ ለእርስዎ አይገባም፤ ዘመናዊ ጥበብ ነው» ብትል፣ ስለ መግባባት ሠራሁ ያለችውን ክፍል በገዛ እጇ የባቢሎን ግንብ አደረገችው። ክንዳቸውን ይዛ፣ ከድሩ በታች አሳልፋ፣ ወደ አንዱ ማዕዘን ወስዳ፣ «እማዬ፣ እስቲ እዚህ ጎንበስ ይበሉና ያድምጡ» ብትላቸው ግን የበዓለ ሃምሳን ነገር በትንሹም ቢሆን ፈጸመችው። ሥራው ያው ነው፤ ድሩም ፊደሉም አልተለወጠም። የተለወጠው የሠሪዋ ልብ ነው።

እናትየውም እንዲሁ ሁለት መንገድ አላቸው። «ገንዘባችንን ለዚህ ነው ያፈሰስነው?» ብለው ከደጃፍ ሊመለሱ ይችላሉ። ወይም እንደ ጃንደረባው አለመረዳታቸውን ሳያፍሩ ገልጸው፣ እንድትመራቸው ሊጠይቁ ይችላሉ። ልጅን «ምን ማለትህ ነው?» ብሎ ከልብ መጠየቅ ከተግሣጽም ከምስጋናም የሚበልጥበት ጊዜ አለ።

ነገሩ ከአንድ ክፍል ኤግዚቢሽን የሰፋ መሆኑን ደግሞ ልናስታውስ እንወዳለን። ከእኛ ከራሳችን መካከል ቅዳሴውን ከልጅነት ጀምሮ የሰማን፣ ዜማውን በቃላችን የያዝን፣ ነገር ግን ከግእዙ ውስጥ ብዙው የማይገባን ስንት ነን? በባሕር ማዶ የተወለዱ የልጆቻችን ልጆች በቤታቸው ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የፊደል ገበታ የሚያዩት እንደ ጌጥ ነው። ሀ እና ለ ለእነርሱ ውብ ምስሎች ናቸው፤ ድምፅ የላቸውም። ሠዓሊው ፊደሉን ከቃሉ ሲያላቅቀው ዐውቆ፣ ለጥበብ ብሎ ያደረገው ነው፤ ሊያነበው ይችላልና። ማንበብ የማይችል ትውልድ ፊደሉን ከቃሉ ሲያላቅቀው ግን ጥበብ ሳይሆን ኪሳራ ነው። ሁለቱ ከሩቅ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ ልዩነታቸው ታላቅ ነው። ስለዚህ ለወጣት ሠዓሊዎቻችን የምንለው፣ ፊደሉን ከመስበራችሁ በፊት አንብቡት፤ ምልክቱን ከመሣላችሁ በፊት ከመሪጌታው እግር ሥር ተቀምጣችሁ ድምፁን ስሙት ነው።

በሌላ በኩል፣ ፊደላችን የአንድ ቋንቋ ብቻ ንብረት ሆኖ እንዳልኖረም እናስብ። ኦነሲሞስ ነሲብ እነ አስቴር ጋኖን አጋዥ አድርገው ወደ ኦሮምኛ የተረጎሙት መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 የታተመው በዚሁ በግእዝ ፊደል ነበር። ቃሉ ወደ ሰው የሚደርሰው ሰው በሚሰማው ቋንቋ መሆኑን የተረዱ ሰዎች በአገራችንም እንደ ነበሩ ይህ ምስክር ነው።

ነገ ሰኞ የሐዋርያት ጾም ይገባል። ሐዋርያት ቋንቋው ከተሰጣቸው በኋላ ጾመውና ጸልየው ወደየአገሩ ሄዱ እንጂ በተሰበሰቡበት ቤት አልቀሩም። ስጦታው የተሰጠው ሊጌጡበት ሳይሆን ወደ ሌላው ሊደርሱበት ነው። ዛሬ ከቅዳሴ መልስ፣ ቡናው ተፈልቶ ቤተሰቡ ሲሰበሰብ፣ አያቶች ለልጅ ልጆቻቸው አንዲት የግእዝ ቃል ከነትርጓሜዋ ቢነግሩ፣ ልጆችም በትምህርት ቤት የሠሩትን፣ ወላጆች ያልገባቸውን ነገር አምጥተው ቢያስረዱ፣ ለበዓሉ የተገባ ስጦታ ነው። ከጎረቤት ሸማኔ አንዲት የሰላምታ ቃል በጋሞኛ፣ ወይም ከእንጦጦ ወርደው ቅቤና አይብ ከሚሸጡት እናት አንዲት ቃል በኦሮምኛ ለመማር መጠየቅም እንዲሁ።

ያቺ በምሳሌያችን ያነሣናት እናት ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ሰጥተዋል እንበል። ከማዕዘኑ የሚሰሙት ነገር ረጅም አይደለም፤ «ሰላም ለእናንተ ይሁን» የሚል ብቻ ነው።

ለእናንተም ይሁንላችሁ። መልካም በዓል!